ቤንዚን ከየት ልቅዳ? ድሬዳዋና ሐረር ለምትነዱ

ድሬ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ አለኝ። ከአንድ ማደያ በስተቀር ከሌላ አይቀዳም። ሰልፉ መንገዱን ይዞ ቢጠማዘዝም ይሰለፋል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ማደያ ባዶ ቢሆንም ንቅንቅ አይልም። ለምን ስለው «አቦ፣ የነሱ ቤንዚን ይበረክታል» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ በዚያው ማደያ ተቃራኒውን ይምላል፤ «ሞተር ገዳይ ነው» ባይ ነው። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። የሚከራከሩት ግን ከአንድ ወደብ በመጣ ነዳጅ ነው።

ይሄን ክርክር ድሬ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዤ ሰምቼዋለሁ። ጋራዥ ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ። ሐረር ታክሲ ውስጥም ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን በአንድ ቦታ ላስቀምጠው። መጀመሪያ ስሙ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለውን፣ ከዚያ ደግሞ ማደያ ስትመርጡና ስትቀዱ ምን ማየት እንዳለባችሁ።

አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ ደውሎ «ርካሽ ቤንዚን እንዳትቀዱ፣ ስም ያለው ቦታ ሂዱ» ብሏችሁ ሊሆን ይችላል። እሱ ባለበት አገር አባባሉ መሠረት አለው። እዚያ የብዙ ኩባንያዎች ቤንዚን በአንድ ቧንቧ ተጉዞ አንድ ዴፖ ውስጥ ይጠራቀማል። እስከዚያ ድረስ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው ቦቴው ሲጫን ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን የማጽጃ ኬሚካል በራሱ መጠን ይጨምርበታል። ኬሚካሉ ቫልቭና ኢንጀክተር ላይ የሚጋገረውን ጥቁር ካርቦን ይከላከላል። ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ መንግሥታቸው ዝቅተኛ መጠን አስገድዷል። በ2004 ደግሞ ቢኤምደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ያ መጠን አይበቃም ብለው ቶፕ ቲር የሚባል ከፍ ያለ መስፈርት አወጡ። በ2016 ትሪፕል ኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ሁለቱን ዓይነት ቤንዚን አስፈተነ። 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጉዞ በላቦራቶሪ ተሠራ። መስፈርቱን ያላሟላው ቤንዚን ቫልቭ ላይ በአማካይ 19 እጥፍ የበለጠ ቆሻሻ ጥሎ ተገኘ።

19 እጥፍ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ እዚያም ቢሆን ሥራውን የሚሠራው ኬሚካሉ ነው እንጂ ስሙ አይደለም። ኮስትኮ የሚባለው በርካሽነቱ የታወቀ የገበያ ድርጅት ቤንዚኑ መስፈርቱን ያሟላል።

አሁን ወደኛ እንመለስ። የእኛ አገር ቤንዚን በሙሉ ከውጭ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ በቅርባችን የሚያጣራልን የለም። በብዛት የሚገዛው አንድ የመንግሥት ድርጅት ነው፣ የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት። መርከብ ጅቡቲ ያራግፋል። ከዚያ ቦቴዎች ይጭናሉ። የቶታሉም፣ የኖኩም፣ የኦላ ኢነርጂውም ቦቴ የሚቀዳው ከዚያው ነው። ዋጋውንም የሚቆርጠው መንግሥት ስለሆነ አንድ ከተማ ውስጥ ባሉ ማደያዎች መካከል የዋጋ ልዩነት የለም። ከከተማ ከተማ ነው የሚለያየው፣ እሱም በማጓጓዣው ምክንያት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነኝ ሼል ነው። ሼል የነበረው ኦይል ሊቢያ ሆነ። ኦይል ሊቢያ ደግሞ ኦላ ኢነርጂ ሆነ። ታፔላው ተነቅሎ ሌላ ተተከለ፣ ቀለሙ ተቀየረ። መሬት ውስጥ ያለው ጋን ግን በታፔላ አይቀየርም። «ሼል ጥሩ ነበር፣ አሁን ተበላሸ» የሚል ሰው ሳገኝ ይሄን ነው የምነግረው።

አንድ ማደያ «የኛ ቤንዚን ልዩ ማጽጃ አለበት» ካላችሁ ጠይቁት። የኬሚካሉ ስም ምንድነው? ማን ነው የሚቀላቅለው? የት? ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ካሳያችሁ መልካም። ካላሳያችሁ ወሬ ነው።

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ነግሬው አላመነኝም። ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ ደብተር ያዝን። እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ ብር አይጠይቅም። ታንኩ ሲሞላ ቧንቧው «ቀጭ» ብሎ የሚዘጋበት የመጀመሪያው ላይ አቁሙ፤ ሁልጊዜ እዚያው ላይ። አሮጌ ቧንቧ ከሆነና ራሱ የማይዘጋ ከሆነ ታንኩ አንገት ላይ ምልክት ያዙ። ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። ድጋሚ ስትሞሉ የገባውን ሊትርና የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ጻፉና አካፍሉ። ከአንዱ ማደያ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ከሌላው ሦስት ጊዜ። አንድ ጊዜ ሞልቶ መፍረድ አይሆንም። መንገዱም ተመሳሳይ መሆን አለበት። ከተማ ውስጥ ሳቢያንና ቀፊራ ሲመላለስ የዋለ ባጃጅና ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት የወጣ ባጃጅ አይወዳደሩም። እኛ ያገኘነው ይሄ ነው፤ ሰው በበዛበትና ባነሰበት ቀን መካከል የታየው ልዩነት በሁለቱ ማደያዎች መካከል ከታየው በጣም ይበልጥ ነበር። ጎማው ነፋስ ባነሰው ሳምንት ደግሞ ከሁሉም የባሰ በላ። ጓደኛዬ ዛሬም እዚያው ማደያ ነው የሚቀዳው፣ ግን አሁን ምክንያቱ ቀጂዎቹን ስለሚያውቃቸው ነው። እሱ ጥሩ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ስሙን ተዉት። የምታዩት ሌላ ነገር ነው።

ማደያ እንዴት ይመረጣል

በመጀመሪያ ብዙ የሚሸጥ ማደያ ምረጡ። ነዳጅ የሚመላለስበት ጋን ውስጥ ቤንዚን አያረጅም፣ ውሃም አይጠራቀምም። ሳምንት ሙሉ «የለም» ብሎ ከርሞ አንድ ቀን የሚከፍት ማደያ ጋኑ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ባዶ ጋን አየር ይይዛል። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ሊቀየርና ከታች ሊተኛ ይችላል። ሁሉም ማደያ እንደዚያ ነው አልልም፣ ግን ምርጫ ካላችሁ ሁልጊዜ የሚሠራውን ያዙ።

ቦቴ እያራገፈ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ፣ ወይ ጠብቁ። አዲሱ ነዳጅ ሲገባ ከጋኑ ሥር የተኛውን ደለልና ውሃ ያነሳዋል። ማሽኑ ማጣሪያ አለው፣ ቢሆንም ሁሉንም አይዝም። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ቢቆይ ይረጋል። ነዳጅ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ቦቴ ሲታይ ሁሉም ይሮጣል፣ ይገባኛል። አንገብጋቢ ጉዳይ ከሌላችሁ ግን የመጀመሪያው መሆን አያስፈልግም።

ከጎርፍ በኋላ በጣም ተጠንቀቁ። ድሬ ጎርፍን ታውቀዋለች። የ1998ቱን የደቻቱን ሌሊት የሚረሳ የለም። ወንዙ አጠገብ ወይም ረባዳ ቦታ ያለ ማደያ ውሃ ከገባበት በጋኑ ክዳን በኩል ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ከትልቅ ዝናብ ማግስት ከፍ ያለ ቦታ ካለ ማደያ ቅዱ። ማደያዎች ይሄን የሚለዩበት መንገድ አላቸው። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት ይቀቡና ወደ ጋኑ ይሰዱታል። «ዛሬ ለክታችኋል?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጥሩ ማደያ በጥያቄው አይቆጣም።

ከዚያ ቀጂውንና ማሽኑን እዩ። ቁጥሩ ከዜሮ ሲጀምር በዓይናችሁ እዩት። ከመኪና ውረዱ፣ ወንበር ላይ ሆናችሁ ስልክ አትነካኩ። ሊትሩን በዕለቱ ዋጋ አባዙና ብሩ ይገጥም እንደሆነ ተመልከቱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያው በስልክ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። መቼ፣ የት፣ ስንት ብር እንደከፈላችሁ ስልካችሁ ላይ ይቀራል። መልእክቱን አታጥፉት። ነገር ሲመጣ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ስለ ልኬት አንድ ነገር። «ባለ 20 ጄሪካኔ 21 ተኩል ወሰደ፣ ሰረቁኝ» የሚል ብዙ ሰው አለ። 20 የሚባለው ጄሪካን እስከ አፉ ከሞላ ከ20 በላይ ይይዛል። በጄሪካን መፍረድ አይቻልም። ትክክለኛው መለኪያ ተቆጣጣሪዎች የሚይዙት የተረጋገጠ የብረት መስፈሪያ ነው። በእርግጥ እየጎደለ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለከተማው ንግድ ቢሮ አመልክቱ፣ እነሱ መጥተው ይለካሉ።

«ጠዋት በብርድ መቅዳት ያተርፋል» የሚለውንም ልንካው፣ ድሬ ላይ በጣም ይወራል። ሐሳቡ ከእውነት የተነሳ ነው። ቤንዚን በሙቀት ይለጠጣል፣ ለ10 ዲግሪ አንድ ፐርሰንት ገደማ። 40 ሊትር ብትቀዱ አራት መቶ ሚሊ ሊትር ነው። ችግሩ ጋኑ መሬት ውስጥ ነው ያለው። ውጭ ያለው አየር ከማለዳ እስከ ቀትር ሲንቀለቀል ከመሬት በታች ያለው ነዳጅ እምብዛም አይቀየርም። ስለዚህ ጠዋት መሄድ ለሰልፍ ይጠቅማል፣ ለሊትር ግን አይጠቅምም። ይልቅ ይሄ መለጠጥ የሚያስፈልጋችሁ ለሌላ ነገር ነው። ታንኩን እስከ አንገቱ አትሙሉ። ቀጭ ካለ በኋላ «ጨምርበት፣ ቁጥሩን ሙሉ አድርገው» ማለት ይቅር። ቀዝቃዛው ነዳጅ በድሬ ፀሐይ ቆሞ ሲሞቅ መሄጃ ያጣል። ይፈሳል፣ ወይም ትነቱን የሚይዘውን ዕቃ ያበላሻል።

የመንገድ ዳር ቤንዚን

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ሌላ አገር ጥያቄው «ስም ላለው ተጨማሪ ልክፈል ወይስ ስም የሌለውን በርካሽ ልግዛ» ነው። እኛ ጋ የተገላቢጦሽ ነው። ርካሹ ማደያው ነው። ስም የሌለው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የተደረደረው ነው ውዱ። ሰው የሚገዛው ስለጨነቀው ነው። ማደያው «የለም» ይላል፣ ሥራ አለ፣ ልጅ ትምህርት ቤት መድረስ አለበት። ማንንም አልወቅስም፣ እኔም ገዝቻለሁ።

አንድ ቀን ወደ ሐረር መውጣት ነበረብኝ። ሁለት ማደያ ሄጄ አጣሁ። መንገድ ዳር አራት ሃይላንድ ገዛሁ፣ ባለ ሁለት ሊትሩን። በጨርቅ እንኳ ሳላጠልል ገለበጥኩት። ከተማ ውስጥ ምንም አላለኝም። ደንገጎ ላይ፣ ሁለተኛ ማርሽ ይዤ ጠመዝማዛውን ስወጣ መታፈን ጀመረ። ነዳጅ ስረግጥ ይንተፋተፋል፣ ስለቅ ሊጠፋ ይደርሳል። ከኋላዬ ጭነት የያዘ አይሱዙ ይከተለኛል። ጥግ ይዤ ስቆም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ዳገት መኪና የሚጠፋበት ቦታ አይደለም።

መካኒኩ ከድሬ በባጃጅ መጣ። የነዳጁን ቱቦ ፈትቶ ከታንኩ ሥር ወደ አንድ ባዶ የውሃ ጠርሙስ አወረደው። ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ለፀሐይ ያዘው። «ና እይ» አለኝ። ከላይ ቤንዚኑ አለ። ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ሌላ ነገር ተኝቷል፣ ጥርት ያለ፣ ጠርሙሱን ሲያዘነብለው ብቻውን እየተንከባለለ የሚሄድ። ውሃ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ይታያል። ከውሃው ሥር ደግሞ ቀይ አቧራ፣ የድሬ አሸዋ የመሰለ። «ይሄን ነው ያጠጣኸው» አለኝ። ፊልትሮ ቀየርን፣ ካንዴላውን ጠራርገን መለስን። የዚያን ቀን ያወጣሁት ብር ከማደያ ሁለት ሙሉ ታንክ ይቀዳ ነበር።

ሻጩ ሆን ብሎ ውሃ ቀላቀለ አልልም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ግን አስቡት፣ ያ ቤንዚን ከማደያ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ጄሪካን፣ ከጄሪካን ወደ ሃይላንድ ተገልብጧል። ጄሪካኑ ትናንት ዘይት ይዞ ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ታጥቦ ሳይደርቅ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ቆመ። ከቤንዚን ውስጥ ቀድሞ የሚተነው ቀላሉ ክፍል ነው፣ ሞተር ጠዋት በቀላሉ እንዲነሳ የሚያደርገው እሱ ነው። ከባዱ ይቀራል። ብርሃንና ሙቀት ሲቆይበት ደግሞ ሙጫ የመሰለ ነገር ይሠራል፣ ካርቡራተር ቀዳዳ ላይ የሚጣበቀው እሱ ነው።

ከመኪናው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቤት ነው። ቤንዚን በሃይላንድ ቤት ውስጥ አታስቀምጡ። በዚህ ሙቀት ትነቱ ይወጣል፣ ከሲሊንደር ወይም ከከሰል ምድጃ ጋር ከተገናኘ አለቀ። ልጅ ደግሞ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚመስለው። አንድ ልጅ ቤንዚን ከጠጣ እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ወደ ሳንባው ከገባ የባሰ ነው። በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ትልልቆቹም በአፍ እየሳባችሁ ከታንክ ታንክ ማዘዋወር ተዉ። ርካሽ የእጅ ፓምፕ አለ።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ከማደያ ውጭ መሸጥን ይከለክላል።

ግዴታ ሆኖባችሁ ከገዛችሁ ቢያንስ ይሄን አድርጉ። ከመገልበጣችሁ በፊት ጠርሙሱን አታናውጡት፣ አሥር ደቂቃ ይርጋ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ከታች ይተኛል። ለብርሃን ያዙትና ታችኛውን ክፍል እዩ፣ መስመር ካለ አትገልብጡት። አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተኖ ይጠፋል። ቅባታማ ክብ ትቶ ከቀረ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ወይም ዘይት ተቀላቅሎበታል። ስትገለብጡ በጥሩ ማጥለያ ይሁን። የመጨረሻዋን ሁለት ጣት ጠርሙሱ ውስጥ ተዉአት፣ አትቆጩባት።

የእናንተ ሞተር ምን ይፈልጋል

የመኪናችሁን መጽሐፍ ወይም የነዳጅ ክዳኑን ውስጠኛ ክፍል ተመልከቱ። የኦክቴን ቁጥር ተጽፏል። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ጊዜው ሳይደርስ እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ ነው፣ ጉልበት አይደለም። ሞተሩ የማይፈልገውን ከፍ ያለ ኦክቴን ብትሰጡት የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። ተራ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ባጃጅ ይሄ አያስጨንቃቸውም። ቱርቦ ያለው መኪና ግን ከፍ ያለ ኦክቴን ሊፈልግ ስለሚችል የያዘ ይጠንቀቅ።

ደንገጎን ስትወጡ ከሞተሩ እንደ ብረት ኳኳታ ከሰማችሁ፣ በተለይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ረግጣችሁ ስትወጡ፣ ቤንዚኑ ጊዜው ሳይደርስ እየፈነዳ ነው ማለት ነው። ማርሽ ቀንሱ፣ እግራችሁን አንሱ፣ ሞተሩ በዙር ይውጣ። ሐረር ስትደርሱ ድምፁ ከቀነሰ አትገረሙ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ የሚፈልገው ኦክቴንም ይቀንሳል። «የሐረር ቤንዚን ይሻላል» የሚሉ አሉ። አየሩ ነው።

የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ሌላ ታሪክ ናቸው። ካርቡራተር ነው ያላቸው። ኢንጀክተር የላቸውም፣ ስለዚህ የኢንጀክተር ማጽጃ እያላችሁ ብር አታውጡባቸው። የነሱ ችግር ሙቀት ነው። ቆላውን አቋርጠው ዳገት ሲወጡ ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይተንና ፓምፑ በነዳጅ ፋንታ ትነት ይስባል። ሾፌሩ «መጥፎ ቤንዚን ነው» ይላል። ነዳጁ ምንም አልሆነም። ጥላ ፈልጎ ማቆም፣ ኮፈን መክፈት፣ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑና ቱቦው ላይ መጠቅለል ነው መፍትሔው። የድሮ ሾፌሮች ጨርቅና ውሃ ሳይዙ የማይወጡት ወደው አይደለም። ውሃውን የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ እንዳታፈሱ ብቻ።

ባጃጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሞተራችሁ ፎር ስትሮክ ከሆነ ቤንዚን ውስጥ ዘይት አትቀላቅሉ። ያ የድሮው የቱ ስትሮክ ነገር ነው። አሁንም «ሞተር ያለሰልሳል» ብለው የሚቀላቅሉ አሉ። ካንዴላ ያጠቁራል፣ ያጨሳል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

ቤንዚኑ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ጠርሙሶች ድሬ ውስጥ አሸዋና ታይዋን በሚባሉት ገበያዎች ሞልተዋል። አብዛኞቹን አልገዛም። ኢንጀክተር ላለው ያረጀ መኪና ግን ፖሊኢተርአሚን የሚል የተጻፈበት ካገኛችሁ ይጠቅማል፣ አሜሪካኖቹ ቤንዚናቸው ውስጥ የሚጨምሩት ዓይነት ማጽጃ ነው። ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ አልፎ አልፎ። በየቅዳቱ አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን ፊልትሮውን ቀይሩ። አቧራ ባለበት አገር የምትነዱ ከሆነ መጽሐፉ ከሚለው ቀደም ብላችሁ ቀይሩ። ለስም ሰልፍ ስትሰለፉ የምታቃጥሉት ቤንዚን የፊልትሮ ዋጋ ይሆናል።

ከማደያ ቀድታችሁ ችግር ከመጣ

ከቀዳችሁ በኋላ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ መታፈን፣ መንተፋተፍ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) መጥፋት ከጀመረ ነዳጁን ጠርጥሩ። ከሳምንት በኋላ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ በማደያው አታላክኩ።

ቁሙ። እየገፋችሁ አትንዱት፣ ውሃውን ወደ ውስጥ ነው የምትስቡት። ቤንዚን መኪና ውስጥ ናፍጣ በስህተት ከተቀዳ ደግሞ ጭራሽ ቁልፍ አታዙሩ፣ እዚያው ማደያ ላይ ግፉትና አስወርዱት። ሞተሩን ካላስነሳችሁት ጉዳቱ ታንክ ማጠብ ብቻ ነው።

መካኒኩ ሲያወርደው በሚያሳይ ንጹሕ ጠርሙስ አንድ ሊትር ያዙ። ክዳኑን ዝጉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት። ፎቶ አንሱ፣ ከታች ያለው መስመር እንዲታይ አድርጋችሁ። የክፍያውን መልእክት አውጡ። ከዚያ በመጀመሪያ ወደ ማደያው ሂዱ፣ ጮክ ሳትሉ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ። ኃላፊውን ጠይቁ። በዚያው ሰዓት የቀዳ ሌላ ሰው ካለ አብራችሁ ሂዱ፣ ሦስት ጠርሙስ ከአንድ ጠርሙስ በላይ ይናገራል። ካልሰሟችሁ ንግድ ቢሮ አለ።

እኔ አሁን ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ባዶ የውሃ ጠርሙስ፣ ትንሽ ማጥለያና አንድ ትርፍ ፊልትሮ ይዤ ነው የምሄደው። ሰኞ ወደ ሐረር እወጣለሁ፣ ታንኩን ዛሬ ማታ ሰልፍ ሳይበዛ እሞላዋለሁ፣ ቀጭ እስኪል ብቻ።